ሐዲዱ የሚያልቅበት ጣቢያ

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? በስልክ «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም» ትለኛለህ። እህቴ ግን መታጠቢያ ቤት መውደቅህን ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት። የግፊቱን መድኃኒት ሲሻልህ እየተውከው ነው እንዴ?

እኛ ደህና ነን። ትልቋ ዘንድሮ ትምህርቷ ግላስጎው ነው፤ በባቡር ትመላለሳለች። ማታ ማታ ጣቢያ ወጥቼ እቀበላታለሁ። ቤታችን ቅርብ ነው፣ ብቻዋን መምጣት አያቅታትም። ግን እወጣለሁ።

ጣቢያችንን ብታየው ትወደው ነበር። ትንሽ ናት። የከተማዋ ስም ሲጻፍ «ሚልንጋቪ» ነው፣ ሲጠራ ግን «ሙልጋይ»። የተከፈተችው በፈረንጆች 1863 ነው፤ ባቡር ድሬዳዋ ከመግባቱ 39 ዓመት በፊት። ሐዲዱ ከእናንተ ይሰፋል፤ የእናንተ አንድ ሜትር አልነበር? መስመሩ ከፊሉ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር ከዘገየ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ይሄን ለልጄ ሳስረዳት ከአፌ የወጣው ያንተ ድምፅ ነበር። ሐዲዱ እዚህ ያልቃል። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው፤ ሻንጣ ያዘሉ መንገደኞች ወርደው እስከ ፎርት ዊሊያም 154 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ።

አባዬ፣ እዚያ ቆሜ ስጠብቅ ሁሌ የሚመጣብኝ ድሬን የለቀቅኩበት ጠዋት ነው። የከዚራ ሰው ሁሉ ለገሀር ወጥቶ ነበር። አንተ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነበርክ። ወርክሾፑ ከለገሀር ስንት እርምጃ ይርቃል? የስንቱን ሰው ልጅ ሸኝተህ የለ! እናቴ «ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብዬ ከተማው እስኪጠፋ ድረስ በዓይኔ ፈለግኩህ።

በሽመንደፈር ደመወዝ አምስታችንን አስተምረሃል። እሱን መቼም አልረሳም። ግን ለምን አልመጣህም? ይሄው ከ20 ዓመት በላይ ሆነው፣ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን የምጠይቅህ ልወቅስህ አይደለም። ሳልጠይቅህ እንዳልቀር ፈርቼ ነው።

ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ፎቶውን በእህቴ ስልክ ልኬልሃለሁ፤ አጉልታ ታሳይህ።

ለፋሲካ ቲኬት ቆርጫለሁ። ልጆቹንም ይዣቸው እመጣለሁ። ኤርፖርት ድረስ እንዳትመጣ፤ የድሬ ፀሐይ አሁን ላንተ አይሆንም። በሩ ላይ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ወንበር አስወጣና ጠብቀኝ። ቆመህ አይደለም፣ ቁጭ ብለህ።

ልጅህ