ከድልድዩ ሥር ያለችውን የመብራት ቤት አብረን እንያት፦ የድጋፍ ጥሪ

በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያና በዙሪያዋ ለምትኖሩ ወገኖች ሁሉ፣ ሰላም ጤና ይስጥልን።

የዊልሰንን ድልድይ ስንት ጊዜ ተሻግራችኋል? እኔ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ስንቴ እንደተመላለስኩበት ቁጥሩን አላውቀውም። ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ፣ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ፣ መንገዱ በተዘጋጋ ቁጥር እያማረርኩ። ከሥሩ፣ በቨርጂኒያው በኩል ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ነጭ የእንጨት ቤት እንዳለች ግን ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ነው። ያሳየችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ያ እኮ ላይትሃውስ ነው» አለችኝ፤ ለመርከብ የሚያበራ የመብራት ቤት ማለቷ ነው። ባሕር በሌለበት? ብዬ ሳቅኩባት። ልክ እሷ ነበረች።

ቦታው ጆንስ ፖይንት ይባላል። ቤቷ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1855 ሲሆን መብራቷ የበራው በ1856 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሌክሳንድሪያ ያኔ የወደብ ከተማ ናት። መርከቦች ጭነው በወንዙ ሽቅብ ይመጣሉ፤ ዳሩ ጥልቀት የለውም፣ በጨለማ ደለል ላይ መቀርቀር አለ። ስለዚህ መብራት አስፈለገ። ረጅም ማማ የሚጠብቅ ሰው ግር ሊለው ይችላል፤ ይቺ እንደማንኛውም መኖሪያ በርና መስኮት ያላት ቤት ናት። መብራቱ ጣሪያዋ ላይ ነው። ጠባቂው ከነቤተሰቡ እዚያው እየኖረ፣ ማታ ማታ ያበራ ነበር። 1926 ላይ አገልግሎቷ ቆመ። ሰው ትቷት ተጎድታ፣ ኋላ ታድሳ፣ በ1995 እንደገና በርታለች።

እኔን የያዘኝ ግን ቤቷ ብቻ አይደለችም። ፊት ለፊቷ፣ በወንዙ ዳር ግንብ ውስጥ፣ አንድ ያረጀ ድንጋይ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ስትመሠረት የድንበሯ መነሻ የተተከለው እዚች ነጥብ ላይ ነው፤ ኤፕሪል 15 ቀን 1791። ከዚህ ተነስተው በየጎኑ 10 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ቀየሱ። አሌክሳንድሪያ ራሷ የዲሲ አካል ነበረች፣ ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰችው በ1847 ነው። ድንጋዩ ግንቡ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ በ1912 ነው የተገኘው።

በቅየሳው የመጀመሪያ ወራት ሰማዩን እያየ ልኬቱን ያገዘው ማን መሰላችሁ? ቤንጃሚን ባኔከር። የሜሪላንድ ነፃ ጥቁር ገበሬ፣ የከዋክብትን ሒሳብ ከመጽሐፍ ራሱን ያስተማረ ሰው። በዚያው በ1791 ነሐሴ ላይ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ለጻፈው ለቶማስ ጄፈርሰን ደብዳቤ ጽፎ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው እያላችሁ እንዴት ባሪያ ትገዛላችሁ ብሎ ፊት ለፊት ሞግቶታል። ልጆቻችን ይህን በእንግሊዝኛ ይሰሙት ይሆናል። አያቶቻቸው ግን በአማርኛ ካልነገርናቸው ከማን ይሰሙታል?

ጥሪያችንም ለዚሁ ነው። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ወላጆች፣ ልጆቹንና አረጋውያኑን በአንድ ቀን እዚያ ልንወስድ አስበናል። ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ልጅ ሥራ ሲውል ቤት ዘግተው ነው የሚውሉት። የሚያውቁት ቤተክርስቲያንና ክሊኒክ ነው። አንዲት እናት ስነግራቸው «ድንጋይ ልታሳዩኝ ነው እንዴ? ድንጋይ አገሬም አለ» ብለው አሳቁኝ። ቡና እዚያው እንደሚፈላ ስነግራቸው ግን «እንግዲህ አስቀድመህ አትለኝም?» አሉ።

ገንዘቡ የሚውለው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ የአውቶቡስ ኪራይ ነው። ሌላው፣ እኔ አብልጬ የምጓጓለት፣ በአማርኛ የተጻፈች ትንሽ የጉብኝት መጽሐፍ ማሳተም ነው፤ ፊደሏ ጎላ ያለ፣ አያት ለልጅ ልጅ የምታነብላት፣ ከጉብኝቱ በኋላም ቤት የምትቀር። ጽሑፉን ልጆቹ ራሳቸው ከመምህሮቻቸው ጋር እያዘጋጁት ነው። የጎደለን 2,400 ዶላር ነው። 20 ዶላር የምትሰጡም፣ ከዚያ በላይ የምትችሉም፣ እኩል እናመሰግናለን። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ስታደርሱ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ወጪው በሙሉ ከነደረሰኙ ለወላጆች ስብሰባ ይቀርባል።

እስከዚያ ራሳችሁ ሄዳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ መግቢያው ነፃ ነው። ቦታው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ነው። የቤቷ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ፣ በር ተከፍቶ ትጠብቀናለች ብላችሁ እንዳትሄዱ። ከውጭ ዞሮ ማየት፣ ድንጋዩን ማየት፣ ዓሣ የሚያጠምዱትን እያዩ ወንዙ ዳር መቀመጥ ይበቃል። ደግሞ ድልድዩ ላይ የሚያጓራው ያ ሁሉ መኪና ከታች ሲሰማ እንዴት እንደሚገርም! እኔም ከዚያ ውስጥ አንዱ ነበርኩ።

መኪናው ከሚቆምበት እስከ ቤቷ የተወሰነ የእግር መንገድ አለ። ስለዚህ ገንዘብ ያልተመቻችሁ፣ የሚታጠፍ ወንበር ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ካላችሁ ለዚያ ቀን አውሱን። ጀበናና ሲኒ የሚያመጣ ሰውም እንፈልጋለን።