ካሜራማኑ ምንም አላጠፋም

ይድረስ ለእቴቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናፍቆትና ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ቶሮንቶ ሚያዝያም ገብቶ በረዶው አልወጣ ብሏል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኛለሽ። በስልክ ብነግርሽ መሀል ላይ ትጮኺብኛለሽ፣ እኔም መስመሩ ተቆረጠ ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ቡናሽን አፍልተሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው እሁድ ልጅሽ ለቀለበቷ ቀን የመልስሽን ቪዲዮ ላሳይ ብላ ታይዋን ገበያ ወስዳ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴኩን አሠርታ መጣች አልሽኝ። ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ስታዩ ያ ጥቁር ቦታ ደረሰ። አሥራ አራት ደቂቃ ጭልም። ምስል የለ፣ ድምፅ የለ። አንቺም እንደ ልማድሽ «ያ ካሜራማን፣ እግዜር ይይለት» አልሽ። ይህን እርግማን ስሰማ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሁልጊዜ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። እሁድ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እቴቴ፣ ካሜራማኑ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ፣ ማጥፋቱም የኔ።

ጥር 1996 ነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የቀልድ ፊልም እንሠራ የነበርነውን አራታችንን ታስታውሺናለሽ፤ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ልጅ፣ እኔና ያ አጎቱ ካሜራ ያለው። ይህ የመጨረሻው ትወና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ካሜራው የአጎቱ ስለሆነ ግን ሁልጊዜ ዋናው ተዋናይ እሱ ነው። በየትኛውም አገር ፊልም የሚሠራው እንደዚህ ይመስለኛል።

ካሜራዋ በጅቡቲ በኩል የገባች ሶኒ ሃንዲካም ናት። ባለ ስምንት ሚሊሜትር ትንሽ ካሴት ነው የምትጎርሰው። ባትሪዋ ግማሽ ሰዓት ከሠራች ተመስገን ነው። ስለዚህ ቀልዳችን ሁሉ ሩጫ ነበር። ሌባ ይሮጣል፣ ፖሊስ ይሮጣል፣ ባትሪው ሲያልቅ ሌባው አመለጠ ማለት ነው።

ስቱዲዮአችን የደቻቱ ወንዝ ነበር። በጋውን ሙሉ አሸዋ፣ ሰፊ፣ ኪራይ የማይጠየቅበት። በረሃ ስንፈልግ ደቻቱ፣ የጦር ሜዳ ስንፈልግ ደቻቱ። ጨረቃንም አንድ ቀን እዚያው ሠርተናታል፤ ፍየሎች መሀሏን አቋርጠው አለፉ። ደግሞ ድሬ ላይ ካሜራ አውጥቶ ብቻ መሆን የለም። «ወሪያ! እንደሱ አይወደቅም አቦ!» ይላል አንዱ። አንድ ቀን ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ከጥላቸው ተነስተው መጡና እንዴት እንደሚወደቅ አሳይተውን ተመለሱ። ከአራታችንም የተሻለ ወደቁ። እኛ ደግሞ ሞኞች፣ «አባባ ፊልም አበላሹብን» ብለን እንደገና ቀዳንበት።

የምኮራባት የዶሮ ግብይቷ ናት። ገዢው በአማርኛ ዋጋ ይቀንሳል። ሻጩ በኦሮምኛ ይጨምራል። ደላላው በሶማልኛ ሁለቱንም ያሞኛል። እነሱ ሲጨቃጨቁ ዶሮዋ መንገዷን ትሄዳለች። ለድሬ ልጅ ይህ ቀልድ አይባልም፣ የቀፊራ ገበያ ተራ ቀን ነው። ለዚህም ነው ሰፈሩ ያ ሁሉ የሳቀው። እዚህ ለሥራ ጓደኞቼ ልተርክላቸው ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሳመጣው ዶሮዋ ብቻ ቀረች።

አስማትም ነበረን። ካሜራውን ታቆሚያለሽ፣ ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቆማል፣ አንዱ ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ ካሜራውን መልሰሽ ታስነሺያለሽ። ሰውየው ብን አለ! እኛ የፈለሰፍነው መስሎን ስንት ቀን ተኩራርተናል። እዚህ መጥቼ ሳነብ ለካ ሜልየስ የሚባል ፈረንሳዊ አስማተኛ በ1890ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሠርቶ ጨርሶታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ፊልሞቹ ቀልጠው የወታደር ጫማ ተረከዝ ሆኑ ይላል። እዚህ ቦታ ስደርስ ያንቺ ካሴት ትዝ አለኝና መጽሐፉን ከደንኩት።

ወደ ወንጀሉ ልምጣ። በትንሿ ካሴት የቀዳነውን ሰው ቤት ወስዶ ማሳየት አይቻልም። ወደ ትልቁ ካሴት መገልበጥ አለበት። ካሜራውን በሦስቱ ገመድ፣ ቢጫ ነጭ ቀይ፣ ከዴኩ ጋር ታገናኛለሽ፣ አንዱን ታጫውቺያለሽ፣ በሌላው ትቀጃለሽ። ባዶ ካሴት መግዣ ደግሞ የለንም። በዚያው ሳምንት ያንቺ የመልስ ካሴት ቤት ገባ። ሦስት ሰዓት የሚይዝ ነው፣ መልሱ የፈጀው ሁለት ሰዓት። የቀረችዋን አንድ ሰዓት ማን ያያታል አልን። ካሜራማኑ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ማንም እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሮታል። እኛም ቀዳዳውን በፕላስተር ደፈንነው። ፕላስተሩ ዛሬም እዚያው ላይ ይኖራል። ካላመንሽኝ ሂጂና እዪው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ድሬ በሙሉ ተኝታለች፣ አባባም በረንዳው ላይ ያንኮራፋል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ካሴቱን መጨረሻው ድረስ አጠንጥኜዋለሁ አለ። አላጠነጠነውም። እሱ እስከ ዛሬ አጠንጥኜዋለሁ ይላል፤ አሁን ሚኒያፖሊስ ነው፣ በደወልን ቁጥር እንጣላበታለን። ፊልማችንን ገለበጥን። ልክ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ከች አሉ። ክው ብለን ቀረን።

የባሰውን የሠራነው ከዚያ በኋላ ነው። በመልስሽ መሀል እኔ ወጥ ስሰርቅ ከሚታይ ምንም ባይታይ ይሻላል ተባባልን። ገመዶቹን ነቅለን እዚያው ቦታ ላይ ጨለማ ቀዳንበት።

እሁድ አማቾችሽ መጡ። ጨለማው ሲደርስ እማዬ ዴኩን መታ መታ አደረገችው። አባባ ካሜራማኑን አስጠራው። ሰውየው ማለ፣ ተገዘተ። ዋናውን ቅጂ አምጣ ሲባል ሌላ ሠርግ ቀድቼበታለሁ አለ። አለቀለት። አባባ ቀሪውን ሦስት መቶ ብር ከለከለው። ሻይ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ካሜራማኑ ካቀረብኩለት ሻይ አንዴ ፉት ብሎለት ወጣ። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ያ ብርጭቆ አይረሳኝም።

የጠፋው ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን ልጻፈው። አባባ ምርቃቱን ጀምሮ መሀል ላይ ድምፁ ተያዘበት። እንባው እንዳይታይ ብሎ ከመሬት ተነስቶ እስክስታ ጀመረ። ያ ኮስታራ ሰው! እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ቀኝ ትከሻው ከግራው ይዘገይ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም ሲጨፍር አይተነው አናውቅም። ነፍሱን ይማረው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሚኝ። በካሴትሽ ላይ የገለበጥነው ፊልም ያልተጠራ ሠርገኛ ነው። ሳይጠራ ገብቶ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ የሚወጣ ሰው። ይህን የቀረጽነው ድንኳን ተከራይተን አይደለም። ያንቺው መልስ ላይ ነው! የተጣለ ዳስ፣ ወጥ፣ ሠርገኛ፣ ሁሉም በነፃ። ካሜራማኑ ፊት ለፊት ያነሳል፣ እኛ ከምሰሶው ኋላ። አባባ ሲነሳ እኔ ድስቱ ጋ ነበርኩ። ከጀርባዬ በምልክት «ዞር በል፣ ሰውየው ካሜራ ውስጥ እየገባ ነው» ተባልኩና ዞር ማለቴን አስታውሳለሁ። ሰውየው ያሉት አባባን ነው።

ትንሿ ካሴት ከኛ ጋ ናት። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን የጫማ ካርቶን አውርጂ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ በኋላ ፊልም የሚባል ነገር አልሠራንም። በዚያ አሸዋ ላይ እየወደቁ ለማሳቅ አንጀት አልነበረንም። ካሴቶቹን ያኔ ሰብስቤ ነው ካርቶኑ ውስጥ የከተትኳቸው። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሠርገኛው» የሚል ተጽፎባታል። ዴኩ ውስጥ ለመክተት እንዳትሞክሪ፣ አይገጥምም። እኔ እዚህ ካገለገለ ዕቃ መሸጫ እሷን የምታጫውት ካሜራ ገዝቻለሁ። ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። ሻንጣ ውስጥ እንዳይከታት፣ በእጁ ይያዛት። ምን ያህል እንደሚታይ አላውቅም። ምናልባት ከኔ ጆሮ በላይ አንድ ትከሻ ብቻ ይሆናል።

ሌላው ደግሞ ገንዘብ ነው። በዚህ ወር ከምልከው ላይ አሥር ሺህ ብር ለብቻ አስቀምጪ። የሦስት መቶው ብር ወለዱ ነው በይው። ካሜራማኑ አሁን ሳቢያን አካባቢ ፎቶ ቤት ከፍቷል ብለሽኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝተሽው ፊትሽን አዙረሽ ማለፍሽንም ነግረሽኛል። ለሽማግሌ አትስጪው፣ ራስሽ ሂጂ። ማን እንደላከው በስሜ ንገሪው። ፕላስተሩንም አሳዪው። የልጅሽን ቀለበት እሱ ያንሳ፤ ሙሉ ሒሳቡን ግን አስቀድመሽ ክፈዪ።

ለእማዬ እኔው ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ እንዳትቀድሚኝ።

ወንድምሽ
ከቶሮንቶ