ልጆችን ከስግደቱ ሰዓት አናስቀር

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በየካቶሊክ ቁምስናው (ደብሩ) የቅዱስ ቁርባን ስግደት፣ ማለትም የተቀደሰው ኅብስት ወጥቶ ምእመናን በፊቱ በጸሎት የሚቆዩበት ሥርዓት፣ ሲደረግ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ወይ ጨርሶ ይቀራሉ፣ ወይ ልጆቹን ሙሉ ሰዓት አንበርክከው በቁጣ ይጨርሱታል። የሁለቱም መነሻ «ስግደት አንድ ሰዓት ካልሞላ አይቆጠርም» የሚል ልማድ ነው። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የኃጢአት ቅጣት ሙሉ ስርየት ለሚሻ ምእመን የተቀመጠው ልክ እንኳ ግማሽ ሰዓት ነው።

ለአምስት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚሻለው ደግሞ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው፤ ያኔ የሚያየው አለ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ካህኑ ትከሻውን በነጭ መጎናጸፊያ ሸፍኖ፣ በእጁም ሳይነካ በመጎናጸፊያው ጫፍ ይዞ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ ያደርግና በመስቀል ምልክት ይባርካል። «አባ ለምን እጃቸውን ሸፈኑ?» ብሎ ከጠየቀ ጥሩ ነው፤ የሚባርከው ካህኑ ሳይሆን ክርስቶስ ራሱ መሆኑን በጆሮው ሹክ በሉት። ከኋላ ተቀምጦ የሰው ጀርባ ብቻ የሚያይ ልጅ ቢቁነጠነጥ አይፈረድበትም፤ ከፊት፣ ግን በዳር በኩል ተቀመጡ።

ጾሙም ይምታታል። በአገራችን ካቶሊካውያን ዘንድ የላቲን (የሮም) እና የግዕዝ ሥርዓት አሉ፤ በላቲን ሥርዓት ከቁርባን በፊት የሚጾመው ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው፤ ውኃና መድኃኒት አይከለከሉም። በግዕዝ ሥርዓት ያላችሁ የቁምስናችሁን ሥርዓት ጠይቁ። ያም ሆነ ይህ፣ ይህ ለሚቆርብ ነው እንጂ ለስግደት ለሚመጣ አይደለም። ልጁን አብልታችሁ አምጡት፤ ግማሹ ለቅሶ የረኃብ ነው።

ምን ብሎ ይጸልይ? በግዕዝ ቅዳሴ ያደገ ልጅ ጸሎቱ በአፉ አለ። ካህኑ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን የጌታ ቃል ሲያሰማ ሕዝቡ የሚመልሰውን «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን» ስግደት ላይ ቀስ ብሎ ይድገመው። ስግደቱ ወደ እኛ የመጣው ከላቲን ሥርዓት ቢሆንም፣ ልጁ በዚህ ጸሎት ስግደቱ ከቅዳሴው የተቀዳ መሆኑን ያውቃል። በላቲን ሥርዓት ላለው ደግሞ የቶማስ «ጌታዬና አምላኬ» ይበቃል።

አዘጋጆችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ እባካችሁ ማይኩን አጥፉት። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የስግደት ሥርዓት ከንባብና ከመዝሙር ጋር የዝምታ ጊዜም እንዲኖር ያዛል። በብዙ ቦታ ግን መዘምራኑ ሰዓቱን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል፤ ከዚያ «ልጆች ረበሹ» ይባላል! ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ልጁም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጸጥታ ይኑር። በሌላ በኩል፣ ለቡራኬ ብቻ ብሎ ቅዱስ ቁርባኑን አውጥቶ ወዲያው መመለስም የተከለከለ ነው።

የተራ ዝርዝር ስታወጡ ለአንድ ሰዓት አንድ ሰው ብቻ አትመድቡ። የወጣው ቅዱስ ቁርባን ያለ ሰጋጅ አይተውም፤ ተረኛው ከቀረ የቀደመው ሰው ታስሮ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ወር ስሙን ከዝርዝሩ ያስወጣል። ሁለት ቤተሰብ አጣምሩ፤ አባት የመጀመሪያውን ግማሽ ሲሰግድ እናት ልጆቹን ግቢ ውስጥ ትያዝ፣ ከዚያ ይለዋወጡ። ተተኪ ጨርሶ ከታጣ የሚደወልለት ካህን ወይም ዲያቆን ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። ካህንም ዲያቆንም በሌለበት ሥልጣን የተሰጠው ምእመን ቅዱስ ቁርባኑን ወደ ማደሪያው (ወደሚቀመጥበት ሣጥን) ሊመልስ ይችላል፤ ቡራኬ ግን አይሰጥም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን
አዲስ አበባ