ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ለጠየቅሽኝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለጥናት ወረቀትሽ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን እንደመረጥሽ ስትነግሪኝ በጣም ደስ አለኝ። ጥያቄሽ ግን አሳሰበኝ። «አባዬ፣ ባጭሩ ጥሩ ሚኒስትር ነበሩ ወይስ መጥፎ?» አልሽኝ። ባጭሩ ልመልሰው ስላልቻልኩ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

በእኔ እምነት የአንድን ሚኒስትር መዝገብ ስታነቢ በየጊዜው ሁለት ነገር መጠየቅ አለብሽ። በዚያን ሰዓት እጁ ላይ ምን ሥልጣን ነበረ? በዚያስ ሥልጣን ምን አደረገበት? የሳቸው ታሪክ በዚህ ዓይን ካልታየ ወይ ሙገሳ ይሆናል፣ ወይ ስድብ።

አዲስ አበባ በ1904 ተወለዱ። የቄስ ልጅ ናቸው፤ ከመሳፍንቱ ወገን አይደሉም። ይህን እንዳትዘይው። በዚያ ዘመን ትልቅ ሹመት የሚገኘው በዘርና በርስት ነበር። እሳቸውንም፣ ወንድሞቻቸውን መኮንንንና አካለወርቅንም ለሚኒስትርነት ያበቃቸው ችሎታቸውና የጃንሆይ አመኔታ ነው። ከጃንሆይ ሌላ መደገፊያ አልነበራቸውም። ወደፊት የምነግርሽ ብዙው ነገር ከዚህ የሚመዘዝ ይመስለኛል።

እስክንድርያ ሊሴ ተማሩ፤ ከዚያ ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር እዚያው ፓሪስ በሌጋሲዮናችን፣ ማለትም በዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤታችን፣ ያገለግሉ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ኢትዮጵያን እንዴት እንደከዳት በቅርብ ያዩ ወጣት ናቸው። የዓለም ሕግ ጉልበት ለሌለው አገር ብቸኛ መሣሪያ እንደሆነ፣ ግን ነቅቶ የሚይዘው ሰው እንደሚፈልግ ያኔ የገባቸው ይመስለኛል።

ከ1935 ጀምሮ ለ15 ዓመት ያህል፣ በመጀመሪያ በምክትልነት በኋላም በሚኒስትርነት፣ የውጭ ጉዳይን ሥራ መሩ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስደሽ ጻፊ። ጣሊያን ወጣ ማለት አገሩ ሙሉ በሙሉ በእጃችን ገባ ማለት አልነበረም። እንግሊዞች ባቡሩን ይዘዋል፤ ኦጋዴንን ያስተዳድራሉ፤ ኤርትራም በእጃቸው ናት። አገሪቱ ገንዘብም፣ የረባ ጦርም የላትም። የነበራት ጥቂት የተማረ ሰውና ክርክር ነው። በታኅሣሥ 1937 በተፈረመው ስምምነት የባቡሩ አስተዳደር ተመለሰ። እንግሊዝ በ1941 ከኦጋዴን አብዛኛውን ለቀቀች፤ ከእንግሊዝ ሶማሊላንድ ጋር የሚዋሰነው የግጦሽ ምድር፣ ሐውድ፣ ደግሞ በ1947 ተመለሰ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ስብሰባ፣ ደብዳቤ፣ ትዕግሥት ብቻ። ይህ ዓይነቱ ድል ሐውልት አይሠራለትምና ብዙ ሰው አያውቀውም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር በሰኔ 1937 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲፈረም፣ ከኢትዮጵያ ፈራሚዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ከዚያ የኤርትራ ጉዳይ መጣ። ፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ፣ ዓመታት የፈጀ ሙግት ነው። በኅዳር 1943 ጠቅላላ ጉባኤው ኤርትራ የራስዋ አስተዳደር ኖሯት በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ በ46 ድምፅ ወሰነ፤ 10 አገሮች ተቃወሙ። የኢትዮጵያ ጥያቄ መጀመሪያ ሙሉ ውሕደት ነበር። ፌዴሬሽኑ መካከለኛው መንገድ ነው። እሱን ተቀብሎ መውጣት ራሱ ትልቅ ብልኅነት ነበር እላለሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወንድማቸው መኮንን በዚያ ሙከራ ከተገደሉት አንዱ ናቸው። በኅዳር 1955 ደግሞ ያ ፌዴሬሽን ፈረሰ። ውሳኔውን ፊደል በፊደል የሚያውቁት ሰው የካቢኔው መሪ ሆነው ሳለ ፈረሰ። «የጃንሆይ ፍላጎት ነበር» የሚል መልስ ይመጣልሻል። እውነትነት አለው። ግን አይበቃም። ጃንሆይን ሊያስጠነቅቅ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ኤርትራ ውስጥ የተካሄደውን የ30 ዓመት ጦርነት ታውቂዋለሽ፤ የስንቱን እናት ቤት እንዳጎደለም።

ሥልጣናቸው ምን ያህል ነበር? በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። እያንዳንዱ ሚኒስትር ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልፎ ቤተ መንግሥት ይገባል። በ1958 ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። የባለርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ግን ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀረ። ባለርስት የሞላበት ፓርላማ ምን ያደርግ ነበር? ቢሆንም፣ በመሬት ጉዳይ ሥልጣኔን እለቃለሁ ብሎ የተነሣ አንድ ሰው ቢኖር ብዬ እቆጫለሁ።

የወሎው ረሃብ ከዚህም ይብሳል። ሕዝብ በየመንገዱ ሲወድቅ መንግሥት ዝም አለ፤ ነገሩ ዓለም እንዳይሰማው ተሸፋፈነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። ለዚህ ማስተባበያ አልፈልግላቸውም። አንቺም አትፈልጊላቸው።

በየካቲት 1966 ወታደሩ፣ ተማሪውና ታክሲ ነጂው ሲነሣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ እሳቸውም በእስር ቤት ሆነው የሥራ ዘመናቸውን ጻፉለት። ጽሑፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሟልና ፈልጊው። ስታነቢው ግን ሞት አጠገቡ ያለ ሰው ራሱን እየተከላከለ የጻፈው መሆኑን አትርሺ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ደርግ ያለ ፍርድ ቤት በድምፅ ወስኖ በኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከርቸሌ ውስጥ አስረሸናቸው። ወንድማቸው አካለወርቅም አብረው ተገደሉ። ዛሬ በዚያ ግቢ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚሁ ከተማ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ግድያው ከነፍሳቸው ሌላ ያጠፋው ነገር አለ፤ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ፍርድ ቤት ቀርበው ቢሆን ስለ ፌዴሬሽኑም፣ ስለ ወሎም ይጠየቁ ነበር። ሰነዱ ይወጣ፣ ምስክሩ ይሰማ ነበር። ያ ሁሉ ስለተቋረጠ ነው ዛሬ አንዱ ሰማዕት ሲላቸው ሌላው ጥፋተኛ የሚላቸው። መጠየቅ የነበረባቸውን የመጠየቅ ሥራ ለእንዳንቺ ያለው ተማሪ ተረፈ።

ስለዚህ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ግቢ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ሂጂ። የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ አገላብጪ። የውጭ ጉዳይ አማካሪ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰርም ስለዚያ ዘመን ጽፏልና ከእሳቸው ቃል ጋር አስተያዪው። የኤርትራ ጸሐፊዎች የሚሉትንም አንብቢ። እነሱን ካላነበብሽ የ1955ቱ ምዕራፍሽ አይቆምም።

ከማስረከብሽ በፊት ያንን ምዕራፍ ላኪልኝ። እናትሽም እንደኔው እየጠበቀች ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከኔ ጋር አትስማማም፤ የራስዋን አስተያየት ለብቻ ትጽፍልሻለች።

አባትሽ