ቅጹ ላይ «የለም» ያልኩት

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «እማዬ፣ ምርመራው ምን ሆነ?» ስትይኝ «ደህና ነው» ብዬ ማለፌ እስካሁን ይከነክነኛል። በስልክ ከምነግርሽ ይልቅ ተረጋግተሽ ደጋግመሽ እንድታነቢው በወረቀት ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

እንደምታውቂው ሆቴል ጽዳት በሠራሁባቸው ዓመታት የጤና ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ማሞግራም (የጡት ራጅ) የተነሣሁት፣ አቅምና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ ሕግ በተጀመረው የነጻ ምርመራ ፕሮግራም፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚዋ በስልክ «ከቤተሰብሽ በጡት ወይም በኦቫሪ (በሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር የታመመ ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሳላስብ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም» አልኳት። ነርሷም ቅጹ ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ነበረ እንጂ፣ ልጄ። የአባቴን እህት እቴቴን ደብረ ታቦር በልጅነቴ አስታምሜያለሁ። ጓዳ ተኝታ፣ የቁስሉ ጠረን እንዳይወጣ ቀኑን ሙሉ እጣን ይጨስ ነበር፤ ውኃ ሳቀብላት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ ታደርገዋለች፣ ከሥር ያለው ጨርቅ ግን እንደረጠበ ይታየኝ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ «ምች ነው» ይባላል። ስታርፍ ገና 38 ዓመቷ ነበር። ታናሿም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች፤ እሱንም መተት ነው አሉ። ዘራቸው ነቀርሳ አለበት ከተባለ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያገባ እንዳይጠፋ ነበር ያ ሁሉ መደበቅ፤ እኔም ዝምታውን ይዤ ባሕር ተሻገርኩ። በዚያ ላይ የጡት ነገር በእናት ወገን እንጂ በአባት የሚመጣ አይመስለኝም ነበር።

በዓመቱ ለማሞግራም ስመለስ ለነርሷ እውነቱን ነገርኳት፤ እርሷም ወደ ዘረመል አማካሪ ላከችኝ። አማካሪዋ ሴቶቹን በክብ፣ ወንዶቹን በአራት ማዕዘን እየሳለች ዘራችንን አንድ ወረቀት ላይ አሰፈረችው። የእቴቴን ክብ በእስክሪብቶ ስታጠቁረው ማልቀስ ጀመርኩ፤ በዚያች ሴት ሕመም ላይ ትክክለኛ ስሙ ሲጻፍ ያየሁት የዚያን ቀን ነውና።

የደም ምርመራዬ ውጤት ብራካ 2 በሚባለው ዘረመል ላይ ጎጂ ለውጥ እንዳለብኝ አሳይቷል። ይህ ዘረመል ሁላችንም ዘንድ አለ፤ ሥራውም በሴሎቻችን ውስጥ የሚደርሰውን የዲኤንኤ ጉዳት መጠገን ነው። ሲበላሽ ግን፣ በዚህ አገር በማንኛዋም ሴት ዕድሜ 13 በመቶ ገደማ የሆነው የጡት ካንሰር ዕድል ከ60 በመቶ በላይ ይደርሳል፣ የኦቫሪውም አብሮ ይጨምራል። እኔ ካንሰር አልተገኘብኝም፤ ኦቫሪዬን ለማስወጣት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ጡቴም በየዓመቱ በማሞግራምና በማግኔት ምስል በሚያነሣው ኤምአርአይ ይታያል።

ለውጡ አንቺ ጋ የመድረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ የወንድምሽም እንዲሁ ነው፣ አባቴ ምንም ሳይታመም ለእኔ አውርሶኛልና። አሁን 26 ዓመትሽ ነው፤ ለውጡ ላለባቸው ሴቶች ደግሞ የኤምአርአይ ክትትል የሚጀመረው በ25 ነው። የውጤቴን ግልባጭ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የሚፈለገው ለውጥ አስቀድሞ ስለታወቀ ያንቺ ምርመራ የእኔን ያህል ሰፊ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ሰጪና አሠሪ በዘረመል ውጤት እንዳያገልሉሽ ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም፣ ስለዚህ ከመመርመርሽ በፊት ይህን ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪበት።

አንድ ነገር ያናድደኛል። የዘረመል ጥናቱ ባብዛኛው በአውሮፓውያን ዘሮች ላይ ስለተሠራ፣ አፍሪካውያን ሴቶች ስንመረመር «ለውጥ ተገኝቷል፣ ጎጂ መሆኑ ግን ገና አልታወቀም» የሚል መልስ ከሌሎች ይልቅ ይበዛብናል። የእኔ ውጤት ግልጽ ሆኖ መምጣቱ ዕድለኛነት ነው። ሐኪሞች የቤተሰብን ታሪክ እንዲጠይቁ መመሪያው ያዛል፣ መጠየቁም መልካም ነው፤ ነገር ግን እንደ እኔ መደበቅን የተማረችን ሴት በስልክ አስተርጓሚ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠይቆ «የለም» ያለችውን ይዞ ማለፍ እርሷን መመርመር አይደለም።

የእቴቴ ሁለት ሴቶች ልጆች አሁንም ደብረ ታቦር ናቸው። የዘረመል ምርመራው እንደ እዚህ በቅርብ ባይገኝላቸውም፣ እናታቸው በምን እንደሞተች አውቀው ጡታቸውን እንዲታዩ ቅዳሜ እደውልላቸዋለሁ። አንቺም መስመሩ ላይ ብትኖሪልኝ ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን አፌን እንዳይዘው ፈርቻለሁ።

እናትሽ