ሱሺ ቤት ስትገቡ ጓንቱን ብቻ አትዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ አሜሪካ ሱሺ፣ ማለትም ኮምጣጤ በገባበት ሩዝ ብዙ ጊዜ ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚሠራውን የጃፓን ምግብ፣ የሚወድ ሐበሻ በዝቷል። የሁሉም ጥያቄ ግን "ሠሪው ጓንት አድርጓል ወይ?" ነው። በጓንቱ ስልክም ገንዘብም ከነካ ምን ዋጋ አለው? ካሊፎርኒያ እንኳ ጓንት የሚያስገድደውን ሕግ በ2014 ሥራ ላይ አውላ በዚያው ዓመት ሽራዋለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሩዙ ነው። ተቀቅሎ ሳይቀዘቅዝ ሲውል ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል። መርዙን ደግሞ መልሶ ማሞቅ ላያጠፋው ይችላል። ኮምጣጤው ለጣዕም ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ አሲዱ ባክቴሪያውን ይገታል። የአሲዱ መጠን ግን በመሣሪያ መለካት አለበት፣ በምላስ አይሆንም።

ዓሣውስ? የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ፣ ከአንዳንድ የቱና ዝርያዎችና የእርባታ ዓሣዎች በቀር፣ በጥሬው የሚቀርብ ዓሣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለ7 ቀን በረዶ ሆኖ እንዲቆይ ይላል። ይህ በጥሬ ዓሣ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ጥገኛ ትል ይገድላል፣ ባክቴሪያውን ግን አይጨርስም። ስለዚህ "ዓሣችን ፍሪዘር አያውቅም" ብሎ የሚፎክር ቤት እኔን አያስጎመጀኝም። (ኮሶን ለምናውቅ ለእኛ ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ይሄ መቼም አዲስ አይደለም።)

የየካውንቲው ጤና ቢሮ የምግብ ቤት ቁጥጥር ውጤት የት እንደሚገኝ በአማርኛ ብታወጡልን?

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ