ስለ ባትሪው ጻፋችሁ፤ ስለ ሽቦውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደረት ውስጥ ስለሚቀበረው የልብ መሣሪያ፣ የልብ ምት ሲታወክ በኤሌክትሪክ ንዝረት ስለሚያስተካክለው፣ ዲፊብሪሌተር ስለሚሉት፣ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይ በደንብ ተብራርቷል። መሣሪያውን ከልብ ጋር ስለሚያገናኘው ሽቦ ግን አንድም ቃል የለም። ብዕር ያስነሳኝ ይሄ ነው።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣልኝ ቻርጀር የአብዛኛው ሳጥን ደህና ነው። የሚበጠሰው ገመዱ ነው፤ እሱም አንገቱ ላይ፣ ዘወትር የሚታጠፍበት ቦታ። ላዩን ሲያዩት ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ግን ተቆርጧል። ነካ ሲያደርጉት ይሠራል፣ ነካ ሲያደርጉት ይጠፋል።

አባቴም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ወንድሜ ውጭ አገር ወስዶ አሳከመው፤ መሣሪያው ተቀብሮለት ተመለሰ። አምስት ዓመት አንድም ቀን አላስቸገረውም። ዓምና አንድ ማታ፣ ቡና ጠጥተን እንደጨረስን፣ ጋቢውን ከግድግዳው ሊያወርድ ግራ እጁን ሽቅብ ሲዘረጋ ጮኾ ወደቀ። «ከውስጥ በመዶሻ መታኝ» አለ። ደግፈን ልናነሳው ስንል እንደገና ነዘረው። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ሆስፒታል ስናደርሰው የልብ ምቱ ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ ደረቱ ላይ ማግኔት ሲያስቀምጥለት መሣሪያው መንዘሩን ተወ። (ይሄን ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው። ማግኔቱ ነፍስ የሚያድነውንም ንዝረት ያግዳል።)

በኋላ ሲለካ የሽቦው ሪዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው መጠን) ከ3000 ኦም በላይ ዘሏል። ጤነኛ ሽቦ በመቶዎች ነው የሚለካው። ውስጡ ተሰብሮ ነበር። ከስብራቱ የሚመጣውን የተዘበራረቀ ሲግናል መሣሪያው የልብ መታወክ አድርጎ ስለቆጠረው ነው አባቴን የመታው።

ሽቦው፣ ሐኪሞቹ ሊድ የሚሉት፣ ከትከሻ በታች ደም ሥር ውስጥ ገብቶ እስከ ቀኝ የልብ ክፍል ይዘልቃል። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። በዓመት ከ36 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ሽቦው በየምቱ ይንቀሳቀሳል፣ ይታጠፋል። እኔ በእጄ ከነካሁት ገመድ ይሄን የሚችል አላየሁም። አብዛኞቹ ሊዶች ለብዙ ዓመት መቆየታቸው ራሱ ያስደንቀኛል።

ያልቆዩም አሉ። ስፕሪንት ፊደሊስ የተባለው የሜድትሮኒክ ኩባንያ ሊድ እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ ዋለ። 2.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍር በደም ሥር ለማስገባት ይመች ነበር። እየተሰበረ ሲያስቸግር በጥቅምት 2007 ሽያጩ ቆመ። እስከዚያ ግን በዓለም ዙሪያ 268,000 ያህል ተተክሏል። ሪያታ የተባለው የሴንት ጁድ ኩባንያ ሊድ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነበር። የውስጡ ሽቦ የሲሊኮን ልባሱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየፈገፈገ ቀድዶ ይወጣል። ሽያጩ የቆመው በ2010 መጨረሻ ነው። ሁለቱም ገበያ ላይ ሲወጡ ደህና የተባሉ ዕቃዎች ናቸው። ጉድለታቸው የታየው ሰው ደረት ውስጥ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ባትሪው ሲያልቅ ሳጥኑ፣ ማለትም ባትሪውን የያዘው የመሣሪያው አካል፣ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይቀየራል። አዲሱ ሳጥን ግን የሚሰካው እዚያው አሮጌው ሽቦ ላይ ነው። ሽቦውን ማውጣት ደግሞ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከዓመታት በኋላ ሥጋ ይይዘዋል፤ ሲጎተት ደም ሥር ወይም ልብ ሊቀድድ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አሮጌው እዚያው ይተውና አዲስ በጎኑ ይገባል። ለአባቴም የተደረገው እንዲሁ ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰው እንዲፈራ አይደለም። መሣሪያውን አልፈልግም የሚል ሰው ቢያማክረኝ ተው፣ ሐኪምህን ስማ ነው የምለው። እኛን የጎዳን አለማወቃችን ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚሰጠው ካርድ ወንድሜ ዘንድ ቀርቶ ነበር። መሣሪያው የመዘገበውን ከውጭ የሚያነብ ማሽን አለ፤ የአንዱ ድርጅት ማሽን ግን የሌላውን መሣሪያ አያነብም። የማን ሥራ እንደሆነ እስክናውቅ፣ የሚያነብ ማሽን ያለበትን እስክናገኝ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። አባቴ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ክንዱን ከጎኑ ሳያላቅቅ ተኛ።

ከአዘጋጁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይሄን ጨምሩልን። ውጭ አገር ታክሞ የሚመጣ ሰው ካርዱን ይዞ ይምጣ። ካርዱ ላይ የሳጥኑ ብቻ ሳይሆን የሊዱም ስምና ቁጥር መጻፉን ያረጋግጥ። ቤተሰቡም ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። ለክትትል ሲሄድ «ሽቦውስ እንዴት ነው? ስንት ለካ?» ብሎ ይጠይቅ። ልኬቱ ድንገት ከዘለለ ንዝረቱ ሳይመጣ ሊደረስበት ይችላል። የአባቴን ሽቦ ከዚያ በፊት የለካው ሰው አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጠጋኙ፣ ከጎንደር